የተዝካሩን እንጀራ የገፋን ዕለት

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ጠባዬን ገና አላየችም ነበር፤ ብታይ ኖሮ ሌላ ትፈልግ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ስቆጣ ብታገኙኝ እንዳይገርማችሁ ነው። የማወራችሁ የአንድ የሐምሌ ቀን ነገር ነው። ጧት ጭቃ እየረገጥን ወጣን፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሁሉም ነገር አለቀ።

ያን ጊዜ ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኝበት ገባ ብሎ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጥ ነበር። አሁንም እሸጣለሁ። ገበያው የሚያውቀኝ በምላሴና በሽንኩርቴ ነው። በቀኝ ክንዴ ላይ ከክርኔ እስከ አንጓዬ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ እጅጌ ረጅም ሹራብ ነበር የምለብሰው። ድንገት ላየብኝ ሰው «ዘይት ፈሶብኝ ነው» እላለሁ። ዘይት አልነበረም። ምድጃ ላይ ወድቄ ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ።

ባሌ መጀመሪያ ስወድቅ ያየኝ ዕለት ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። በማግስቱ «እናቴን አሟታል» ብሎ ይፋግ ሄደ። እናቱ እስከ ዛሬ አልዳነችም መሰል፣ ይኸው አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጣራ ገዳም ወጥቼ ሱባኤ ያዝኩ፣ ተጠመቅኩ። ያጠመቁኝ አባት «ልጄ፣ ጸበሉንም አትተዪ፣ ሐኪምም ካለ ሂጂ፤ ሁለቱም ከእሱ ነው» አሉኝ። ምርቃታቸው ደረሰልኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩና ማታ ማታ የምትዋጥ አንዲት ነጭ ክኒን ሰጡኝ። ነገሩ ይህችው ናት። በየማታው አንድ ነጭ ክኒን፣ እኔም እንደ ሰው ቆሜ መሄድ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቅኩም።

ሚያዝያ ላይ ክኒኗ ጠፋች።

«የለም፤ ከላይ አልመጣም» አለችን የምታክመን ነርስ፣ ሲስተር ሃይማኖት። ከላይ ስትል እግዚአብሔርን ይሁን መኪናውን አልገባኝም። ግል መድኃኒት ቤቶቹን ዞርን። ርካሽ ስለሆነች ትርፍ የላትም፣ አንይዛትም አሉን። ሲስተር አስጠነቀቀችን፦ «ክኒኗ በድንገት ስትቋረጥ ብሶ ነው የሚመጣው። አደራችሁን፣ ራብና እንቅልፍ ማጣት ይጠሩታል። ሳትበሉ አትዋሉ።» እንዳለችውም ሆነ። በግንቦት ብቻ ሦስቴ ቤቴ ውስጥ ወደቅኩ። ምላሴን ነክሼ ገበያ ስወጣ «ምነው ዝም አልሽ?» ይሉኛል ደንበኞቼ፤ «ጥርሴን ነው» እላለሁ። ውሸት እንደ ሽንኩርት ነው፣ አንዱን ልጣጭ ስታነሱት ሌላ አለ።

በክኒን ቀን ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የምንገናኝ በሽተኞች ቀስ በቀስ ማኅበር መሰልን። አፈ ጉባኤያችን አያ ደሳለው ነበር። አያ ደሳለው የሩዝ ገበሬ ነው፤ አርባውን የዘለለ፣ ረጅም፣ በአገሩ ለእርቅ የሚጠራ ሽማግሌ። ሚስቱ እታለም ጥሩነሽ እሱ ሲያርስ ከኋላው ትከተለዋለች። ሰው ሲስቅባት «ጓል ልከስክስ ብዬ ነው» ትላለች። ጓል አይደለም፤ ሲወድቅ ልትይዘው ነው።

«እናንተዬ» አለን አንድ ቀን፣ ሰኔ ሲገባ። «በጋ ብወድቅ አፈር ነው፣ አራግፌ እነሳለሁ። አሁን ግን ርብ ሊሞላ ነው፣ ጉማራ ሊሞላ ነው። የኔ ማሳ ሐምሌን ሙሉ ውኃ ላይ ነው የሚተኛው። አረሙን ማን ያርምልኛል? ውኃው ሳይመጣ ክኒኗ ካልመጣች እኔን ቁጠሩኝና ተዉኝ።»

ስለዚህ ሹም ደጅ ጠናን። ሹሙ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አልናገርም። ኋላ ሀዘን ደርሶበታል፤ እሱም ሰው ነው። ጉዳያችን በእሱ እጅ ነው ስለተባልን ሄድን። ዘበኛው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። ተመለስን። ሌላ ጊዜ ሄድን። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ስንኖር ስንሞት የማያልቅ ስብሰባ! በሦስተኛው ከመካከላችን አንዱ ልጅ እግር በሩ ላይ ወደቀ፤ ዘበኛው ደንግጦ በሩን ዘጋው። ኋላ አንድ ጸሐፊ ብቅ አለና «እንዲህ እየሆናችሁ ባትመጡ ጥሩ ነው፣ ተወካይ ላኩ» አለን።

«ተወካዩስ ቢወድቅ?» አልኩት።

ብቅ ባለበት በር ተመልሶ ገባ፤ እኔም መልስ ፈልጌ አልጠየቅኩትም።

በዚያው ሰሞን የሹሙ እናት ሞቱ። ከአስፋልቱ ወጣ ብላ በይፋግ አቅጣጫ ያለች መንደር ነው አገራቸው። አርባቸው ሐምሌ ላይ ይውላል፣ ትልቅ ተዝካር ተደግሷል የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ። አያ ደሳለው ሰበሰበን።

«ለተዝካር ማን ይጠራል?» አለ።

«ካህናት፣ ጎረቤት፣ ነዳይና በሽተኛ።»

«እኛ ምንድን ነን?»

«በሽተኛ።»

«እንግዲያ ተጠርተናል» አለ። «እንሄዳለን፤ ነዳይ የሚቀመጥበት እንቀመጣለን፤ እንጀራው ሲመጣ አንበላም። ክኒኗን እስኪሰጠን አንቀምስም።»

ነገሩ የከበደን ለምን እንደሆነ የኛ አገር ሰው ያውቃል። ተዝካር ለሟች ነፍስ የሚወጣ እህል ነው። ነዳዩ በልቶ «ነፍስ ይማር» ሲል ነው ለሟች የሚደርሰው። ሽማግሌ ለእርቅ ሄዶ «እሺ ካላልከኝ እህልህን አልቀምስም» ማለቱ የኖረ ነው። በሙት እህል ላይ ይህን ያደረገ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም።

«የሞተች እናት ነፍስ መያዣ ይደረጋል?» አልኩት።

«ነውር ነው» አለ። «አውቃለሁ።»

«ነውሩ ይቅር! ሲስተር ያለችውን ረሳኸው? ራብ ይጠራዋል። ስንቱ ነው እዚያ ዳስ ውስጥ የሚንፈራገጠው?»

«እኔ የሁዳዴን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ያኔ ክኒን ነበረህ!»

አያ ደሳለው ቀና ብሎ አየኝ። «ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ፣ ትዕግሥት። ካለሽ በሱ እንሄዳለን።»

አልነበረኝም።

የተዝካሩ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጧት ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን፣ የዋልካው ጭቃ እስከ ጉልበታችን እየዋጠን፣ በሩዝ ማሳዎቹ ወሰን ላይ አንድ በአንድ ተሰልፈን ሄድን። ከፊት አያ ደሳለው፣ ከኋላው እታለም ጥሩነሽ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤያለሁ። ምክንያቴን አልደብቃችሁም፤ ድግሱ ላይ የወረታ ሰው ግማሹ ይኖራል፣ ከእነዚህ ጋር እንዳልታይ ፈርቼ ነው። በልቤ «ጥግ ተቀምጬ ሳልታወቅ እወጣለሁ» እያልኩ ነበር።

ዳሱ ሰፊ ነው፤ ላዩ ሸራ፣ ሥሩ ሣር የተጎዘጎዘበት። በቀኝ ካህናቱ ተቀምጠዋል፤ መካከሉን የተከበረው እንግዳ ይዞታል፤ በሩ ጋ፣ ሸራው የሚያፈስበት ጎን፣ የነዳይ ቦታ ነው። ተቀመጥን። አሳላፊው እንጀራ በሰፌድ ይዞ መጣና ከአያ ደሳለው ጀመረ። አያ ደሳለው ተነስቶ ቆመ። እኛም ተከትለነው ቆምን።

«ለሟች መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» አለ። «እኛ ግን አንቀምስም።»

አሳላፊው በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «እንካ እንጂ አያ፣ እጄ ደከመ።»

«አንቀምስም።»

ጫጫታው ከኛ ጎን ጀምሮ እየጠፋ እየጠፋ ሄደ፤ ካህናቱ ጋ ደረሰ። የሹሙ እህት ሰማች። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ እየሮጠች መጣች። አንድ በአንድ ፊታችንን አየችን።

«ምን በደልናችሁ?» አለች። «እሺ እኛ እንበድል፤ እናቴ ምን አደረገቻችሁ? አርባዋ ነው እኮ! ዛሬ አርባዋ ነው!»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቷን ነዋ! አጠገቤ ያለችው ሴት እጇን ወደ ሰፌዱ ልትሰድ ስትል አየኋት፤ አልፈረድኩባትም። አያ ደሳለው ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ «እኅቴ፣ እናትሽ አልበደሉንም፤ ስለ እሳቸው ነው የቆምነው» አለ። አልገባትም። እኔም ቶሎ አልገባኝም፤ የተበደለ ሰው እያዘነ የበላው ተዝካር ለነፍሳቸው አይደርስም ማለቱ ነበር።

ከካህናቱ መካከል የአጥቢያው አስተዳዳሪ ቄስ መንበሩ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

«ደሳለው! የሙት እህል ይገፋል? ነውር አይደለም?»

«አባ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነውር ባይሆን አልመጣበትም ነበር። ያልተነወረውን መንገድ ሁሉ ሄጄ ጨርሻለሁ።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ነገራቸው። አላስረዘመም። የሚጥለን በሽታ እንዳለብን፣ አንዲት ክኒን እንደምታቆመን፣ ከሚያዝያ ወዲህ እንደጠፋች፣ ሦስቴ ሄደን በር እንደተዘጋብን፣ ውኃው ደግሞ እንደመጣ። «የሚጥል» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ አጠገባችን የነበሩት እንግዶች ወደ ኋላ ሲሸሹ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በትንፋሽ ይጋባል ይላሉ፤ ለሃጭ የነካው ይይዘዋል ይላሉ። ሰፌዱን ይዞ የቆመው አሳላፊ እንኳ አንድ እርምጃ ራቀ።

ሹሙ መጣ። ራሱን ተላጭቷል፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዷል። ሲያዩት ሀዘን የሰበረው ሰው ነው፤ ጥላቻዬ ትንሽ ላላ አለብኝ፤ በዚህም ተናደድኩ።

«ቢሮ አለኝ» አለ በዝግታ። «ለዚህ ነገር ቢሮ አለኝ። ሰኞ ኑ።»

«ቢሮዎን እናውቀዋለን ጌታዬ» አለው አያ ደሳለው። «ዘበኛዎም ያውቀናል።»

«ዛሬ እናቴን ልሸኝበት! ሰው አይደላችሁም?» ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ ሁላችንን አየን። «ይሄ የናንተ ነገር አይደለም። ማን ነው የላካችሁ? እዚህ ድረስ አምጥቶ በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ የፈለገው ማን ነው?»

እዚህ ላይ ያች የነገርኳችሁ ጠባዬ መጣች። አንድ ጊዜ ከመጣች አትመለስም። ነጠላዬን ከፊቴ ገፍፌ ጣልኩ፣ የሹራቤን እጅጌ እስከ ትከሻዬ ሰቀልኩና ክንዴን አፍንጫው ሥር ደቀንኩት።

«እኔን የላከኝ ይሄ ነው! ሌላ ላኪ የለኝም! ምድጃ ላይ ወድቄ ሥጋዬ ሲጠበስ የቀሰቀሰኝ የለም፣ ጎረቤት የመጣው ሽታው አፍንጫው ሲደርስ ነው! ሌላ ላኪ ትፈልጋለህ?»

«አንተ» ብዬዋለሁ፤ ያውም ለሹም፣ ያውም ለሀዘንተኛ። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ሴት «ዘይት ነው ያልሽኝ!» ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ አየሁ። ምግብ ቤት ያላት ደንበኛዬ ናት፣ በየገበያው ከኔ ሽንኩርት የምትወስደው። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አለቀልኝ፣ ወረታ ዛሬ ማታ ሁሉንም ትሰማለች አልኩ። ደግሞም የሆነ ሸክም ከጀርባዬ የወረደ መሰለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የመጡት።

ሹሙ ክንዴን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። ግን እሺ አላለም። «ሰኞ ብያለሁ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ቆምን። ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጣች፤ ሸራው ሥር ያለው እርጥበት ይተን ጀመር። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። አያ ደሳለው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እታለም ጥሩነሽ ከኋላው ሆና የኩታውን ጫፍ ጨብጣለች። «ቁጭ በል» ስትለው ሰማሁ፤ «ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም» አላት። አንዳንድ እንግዳ ይሰድበናል፤ አንዳንዱ ያዝንልናል፤ ሁሉም ግን አይቀርበንም። ከሁሉ የፈራሁት እዚያው ከመካከላችን አንዱ እንዳይወድቅ ነበር። ከወደቀ ዳሱ ይበተናል፣ «ተዝካሩን ጋኔን ገባበት» ይባላል፣ እኛም አብቅቶልናል።

ጉዳዩን የለወጡት ቄስ መንበሩ ናቸው። ለካህናቱ መሶብ ቀርቦ ተባርኮ ነበር። ሁሉም የእሳቸውን እጅ ይጠብቃል። ቄስ መንበሩ እንጀራውን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ነዳዩ ሳይቀምስ እኔ እጄን አልዘረጋም» አሉ። «እነዚህን እያየሁ ከበላሁ ለእመይቴ ነፍስ ምን ብዬ ነው የምጸልየው?»

ሌሎቹም ካህናት እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ዳሱ ውስጥ የበላ ሰው የለም። እህትየዋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከጓዳ «ስለ እናታችን! ስለ እናታችን ብለህ!» የሚል ልቅሶዋ ተሰማን።

ሹሙ ስልኩን ይዞ ወጣ። «ሁሉም ይስማው» አሉት ቄስ መንበሩ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። መድኃኒት ወደሚቀመጥበት መጋዘን ነው የደወለው። የክኒኗን ስም ሲስተር በብጣሽ ወረቀት ጽፋልን ስለነበር ከእጄ ተቀብሎ አነበበው።

«እሷማ አለች!» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው፣ ደስ ብሎት። «ካርቶን ሙሉ አለች። ጠይቆ የወሰደ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ናት።»

እግዜር ያሳያችሁ! ስንወድቅ፣ ስንቃጠል፣ ምላሳችንን ስንበላ፣ ክኒኗ ካርቶን ውስጥ ተኝታ ጠያቂ ትጠብቃለች። አንዱ ቢሮ «ያመጣሉ» ይላል፣ ሌላው «ይጠይቃሉ» ይላል። ክፉ ሰው ያደረገው ቢሆን እረግመው ነበር። የምረግመው አጣሁ።

ሹሙ ስልኩን ሳይዘጋ «እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያው ትግባ» አለ። ከዚያ ወደ አያ ደሳለው ዞሮ «በእናቴ ነፍስ» አለው። ሌላ ምንም አልጨመረም።

አያ ደሳለው ተቀመጠ። መጀመሪያ የቆረሰው እሱ ነው። ጎርሶ፣ ውጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነፍስ ይማር! ከደጋጎቹ ያኑርልን!» ሲል ሹሙ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ። እኛም በላን። ከዚያ የጣፈጠ እህል በልቼ አላውቅም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ለመሄድ ተነሣን። የሹሙ እህት እታለም ጥሩነሽን እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፣ ለልጆች ብላ እንጀራና ድፎ ልታስይዛት። እኔም ልሸከምላት ብዬ ቀረሁ። አያ ደሳለው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቆየኝ እንጂ፣ መጣሁ» አለችው።

«ዛሬስ ተዪኝ ባክሽ!» አላት እየሳቀ። «ሹም የረታ ሰው በሚስት ይጎተታል? እስከ አስፋልቱ ልቅደም።»

ሳቅን። ፊቱ ሲበራ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ሄደ። ከኋላ ከኋላው ከተዝካሩ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ይከተሉታል።

እኛ ድፎውን ጠቅልለን ብዙም ሳንቆይ ወጣን። ሁለት ማሳ እንደ አለፍን ጩኸት ሰማን። «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» እታለም ጥሩነሽ የያዘችውን ለቀቀችው። ሳትጮህ ነው የሮጠችው። እኔም ተከተልኳት፤ ዋልካው እግሬን ይዞ አልለቅ ይለኛል።

ሁለቱ ሰዎች የማሳው ወሰን ላይ ቆመዋል። በኛ አገር የወደቀ ሰው አይነካም፤ የክብሪት ጭስ ያሸቱታል። ክብሪታቸው ደግሞ በጧቱ ዝናብ ርሷል፤ አንዱ ይጭራል፣ አይነድም፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ይጭራል። አያ ደሳለው ከእነሱ ክንድ በማትሞላ ቦታ፣ የሩዙ ቡቃያ መካከል በፊቱ ተደፍቷል። ውኃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጀርባው ደርቋል፤ ኩታው አልረጠበም።

ገባን። ገለበጥነው። አፉና አፍንጫው ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል። በጣቴ አወጣሁ፣ በጎኑ አስተኛነው፣ ጀርባውን መታነው፣ ስሙን ጠራነው። ገላው ይሞቃል። እታለም ጥሩነሽ «ደሱ! ደሱዬ!» ትላለች፣ ልጅ ከእንቅልፍ እንደምትቀሰቅስ። አልመለሰላትም።

ከሁለቱ አንዱ ከላይ ሆኖ «ኧረ ተይ እቴ፣ ለሃጩ ይጋባል» አለኝ።

ጭቃ አንስቼ ፊቱ ላይ ለጠፍኩለት። ሌላም አነሣሁ። «እጅህን ነበር የምትሰጠው!» እያልኩ ጮህኩ። «እጅህን! አንድ እጅ!» አብሮን ተዝካር ላይ ሲያዝንልን የዋለ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ጭቃውን እንኳ ከፊቱ አልጠረገም፤ ክብሪቱን እንደያዘ ያለቅስ ጀመር።

ከዳሱ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁሉም ወሰኑ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ውኃ ውስጥ የገባው ሹሙ ነው፣ በሀዘን ልብሱ። ጎንበስ ብሎ የአያ ደሳለውን ራስ በክንዱ ያዘ። ከዚያ ሌሎቹም ገቡ። ተሸክመን አወጣነው።

በማግስቱ ተቀበረ። እታለም ጥሩነሽ መቃብሩ ላይ እንዲህ ብላ አለቀሰች፦

«ርብ ሞልቶ ሲያስገመግም የተሻገርክ በዋና፣
ቁርጭምጭሚት ውኃ ያዘህ ወይ፣ የኔ ጀግና።»

ክኒኗ ሐሙስ ዕለት ገባች፤ ሹሙ ቃሉን ከቀኑ ቀድሞ ጠበቀ። ዓርብ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተሰበሰብን። የሚስቅ የለም። ሲስተር ሃይማኖት እንባዋን እየጠረገች ታድላለች። እታለም ጥሩነሽ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ የአያ ደሳለውን የሕክምና ካርድ ይዛለች። ሰልፉ መንገድ ለቀቀላት።

«እታለም» አለቻት ሲስተር፣ በጣም በዝግታ። «ለሱ እኮ ከእንግዲህ…»

«ለሱ አይደለም።»

ዞር ዞር ብላ አየች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ከሲስተርና ከኔ ሌላ የሰማ የለም። «ለልጄ ነው» አለች። «ማሬ ካምና ጀምሮ ትወድቃለች። ነገ ማን ያገባታል ብለን ደበቅን። ካርድም አላወጣንላት። ከሱ ክኒን ግማሽ ግማሹን እየከፈለ ነበር የሚሰጣት። ከጠፋችም በኋላ የቀረችውን ቆጥቦ ለሷ ብቻ ነው የሰጣት። እሱ አንድም አልዋጠ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ስንቱን ነው ያን ዕለት ተሸክሞ ዳሱ ውስጥ የቆመው!

«የት ናት?» አልኳት።

ከግቢው ኋላ፣ አጥሩ ሥር ደብቃታለች። ሰው ሲመናመን በጓሮ በር ልታስገባት ነው። ሄድኩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ እንደ አባቷ ረጅም፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ተኮራምታለች። አከናነቧን አውቀዋለሁ። የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት፤ ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ያዝኩ። በጓሮው በር አላስገባኋትም። ዞረን፣ በዋናው በር፣ ሰልፉ እያየን፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እያየን ገባን። እናቷ ስታየን ደረቷን ያዘች፣ ግን አልከለከለችንም።

ሲስተር አዲስ ካርድ አወጣች። «ስም?»

እታለም ጥሩነሽ መሬት መሬት ታያለች። እኔም አፌን ይዤ ጠበቅሁ፤ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«ማሬ ደሳለው» አለች ልጅቱ።

ይኸው ነው ገጠመኜ። ከዚያ ወዲህ እጅጌ ረጅም አልለብስም። ምግብ ቤት ያላት ደንበኛዬ ከኔ መግዛት ትታ ነበር፤ ኋላ ተመልሳ መጣች፣ ያውም እህቷን ይዛ፣ «እሷም ትወድቃለች፣ የት ነው የምትታከሙት?» ብላ። ያልተመለሱም አሉ፤ ደኅና ይግቡ። ክኒኗ አንድ ጊዜ ዳግመኛ ዘግይታ ሄደን የሹሙ በር ላይ ቆምን። ዘበኛው «ግቡ» አለን። ለዚህች አንዲት ቃል ነው አያ ደሳለው የሄደው፤ ትንሽ ናት፣ በጣም ትንሽ ናት፣ ሳስባት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰዎች «መስዋዕት ሆነ፣ ነፍሱን ይማር» ይሉኛል። አልቀበላቸውም። መሞት አልነበረበትም። ክኒኗ ካርቶን ውስጥ ነበረች፣ ሁለቱ ሰዎችም አጠገቡ ነበሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጓዳችሁ የደበቃችሁት ሰው ካለ አውጡት። የሚያገባት ታጣለች ብላችሁ ልጃችሁን አትቅበሯት። መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ ካያችሁም አይጋባባችሁም፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ ስንት ሰው ነክቶኛል አንድም አልወደቀ። ከእሳትና ከውኃ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ራሱን ደግፉለት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ቆዩ። ወሰን ላይ ቆማችሁ አትዩት። ግቡ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ነው።